ለትራውት የትኛው ሉር ይሻላል? ሦስት ቅዳሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ

ናዝሬት_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ልጅ ሆኜ ቆቃ ሐይቅ ላይ ከአጎቴ ጋር በናይለን ክርና በመንጠቆ ቆሮሶ አጥምጃለሁ። ትል ሰክቶ መጠበቅ ነበር፣ በቃ። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ።

ትራውት የሚባለውን ዓሣ ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ ክሊር ክሪክ የሚባለው ወንዝ ወረድኩ፣ አይዳሆ ስፕሪንግስ ከተማ አካባቢ። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጁን ላይ፣ ውሃው ደፍርሶ ጠላ መስሎ ነበር። አሁን ጠርቷል። ሱቅ ገብቼ አንድ ሳጥን ሙሉ ሉር፣ ማለትም ዓሣ ማታለያ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ ገዝቻለሁ። የሚሽከረከር አለ፣ ማንኪያ የመሰለ አለ፣ ትንሽ ዓሣ የመሰለ አለ፣ የላስቲክ ትል አለ። ወርቃማ፣ ብርማ፣ ሮዝ፣ ነጠብጣብ ያለበት አረንጓዴ። ሻጩ "ሁሉም ይሠራል" ነው ያለኝ። አንዱን አምስት ጊዜ እወረውራለሁ፣ ካልያዘ ፈትቼ ሌላ አስራለሁ። እስካሁን አንድም አልነካኝም።

ዓሣዎቹ መኖራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። ድንጋይ ጥግ ቆመው ጅራታቸውን ያወዛውዛሉ። እኔ ጠጋ ስል ብን ብለው ይጠፋሉ።

የትኛውን ሉር ልያዝ? በምን ቀለም? ክሬ 10 ፓውንድ የሚችል ነው።

ደጋው_ሰው

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ክሊር ክሪክን 11 ዓመት ወርጄበታለሁ። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ቡናማ ትራውት ናቸው። ትልልቅ አይደሉም። ንቁዎች ናቸው ግን።

መጀመሪያ ሳጥኑን መኪና ውስጥ ተወው። አምስት ጊዜ ወርውረህ የምትቀይር ከሆነ አንዱንም አላወቅኸውም ማለት ነው። ሁለት ብቻ ኪስህ ክተትና ውጣ። አንድ ስፒነር (ያቺ የምትሽከረከረዋ)፣ አንድ ትንሽ ማንኪያ።

ክርህ ለዚህ ውሃ ወፍራም ነው። ወፍራም ክር ቀላል ሉርን ሩቅ አያደርስም፣ ወራጁም እየገፋ ይወስደዋል። ዓሣውም በጠራ ውሃ ውስጥ ያየዋል። 4 ፓውንድ ጠቅልል። የሪልህን (የክር መጠቅለያህን) ፍሬን ላላ ካደረግከው ደህና ዓሣ ቢመጣም ይችለዋል።

ስፒነር ስትገዛ ቁጥር 0 ወይም ቁጥር 1 በል። ሜፕስ በሚባለው አምራች አቆጣጠር 0 ማለት 2.5 ግራም ገደማ ነው፣ 1 ደግሞ 3.5 ግራም ገደማ። ከዚያ በላይ ለክሊር ክሪክ አያስፈልግህም። ማንኪያውም 3.5 ግራም ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትራውት የሚቆመው አፍንጫውን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ነው። ምግቡ ከላይ እየተንሳፈፈ ነው የሚመጣለት። አንተ ምናልባት መኪናህን አቁመህ ከላይ ወደ ታች ነው የምትወርደው። ፊት ለፊቱ ነው የምትመጣው፣ ስለዚህ ያይሃል። ከታች ጀምርና ወደ ላይ ውጣ። ያኔ ከኋላው ነህ።

ወደ ላይ ሰያፍ አድርገህ ወርውር። ሉሩ ውሃ እንደነካ ወዲያው መጠቅለል ጀምር፣ አንድ ሰከንድ አትቆይ። ወራጁ ራሱ ወደ አንተ እያመጣው ነው። ከወራጁ ትንሽ ካልፈጠንክ የስፒነሩ ቅጠል፣ ማለትም የምትሽከረከረዋ ጠፍጣፋ ብረት፣ አይዞርም። ድንጋይ ስታይ ድንጋዩ ላይ አትወርውር። ከድንጋዩ በላይ አሳልፈህ ጣልና በጎኑ እንድታልፍ አድርግ። ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚገናኙባትን መስመር ፈልግ። ዓሣው ዝግተኛው ውስጥ አርፎ ፈጣኑ የሚያመጣለትን ይጠብቃል።

አንድ ቦታ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ከወረወርክ ይበቃል፣ እለፍ። ቦታ ቀይር እንጂ ሉር አትቀይር።

ሸገር_ፊሺንግ

ቦታ ያዝኩ። እኔም ይሄው ችግር አለብኝ።

ናዝሬት_ልጅ

@ደጋው_ሰው በጣም አመሰግናለሁ። እውነትም ከላይ ወደ ታች ነበር የምወርደው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅጠሏ መዞሯን በምን አውቃለሁ? አንዳንዴ ስትመጣ ዝም ብላ የሞተ ነገር የምጎትት ይመስለኛል።

ደጋው_ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሞተ ነገር ከመሰለህ አልዞረችም።

እግርህ ሥር ባለው የጠራ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ክር አውጥተህ ጎትታት። እያየህ ፍጥነትህን ጨምር፣ ቀንስ። የምትነሳበትን ፍጥነት ታገኛለህ። ያኔ የዘንጉን ጫፍ ልብ በል፣ ትር ትር ይላል። እጅህ መዳፍ ላይ እንደ ስልክ ንዝረት ይሰማሃል። ያንን ስሜት ያዘው። ሩቅ ወርውረህም ያው ስሜት ካለ እየሠራች ነው። ከጠፋ ወይ ዘገየህ፣ ወይ የዛፍ ቅጠል ይዛለች፣ ወይ ዓሣ ነው። ሦስቱንም ዘንጉን ቀና አድርገህ ታጣራለህ።

ሳትነሳ ከቀረች ዘንጉን አንዴ በአጭሩ ነቅ አድርገው፣ ትነሳለች። ፓንተር ማርቲን የሚባለው ስፒነር ቅጠል መካከሏን ተበስታ ሽቦው ራሱ ላይ የተሰካች ናት። በዝግታም ስትጎትታት ትዞራለች። ለጀማሪ ደህና ናት።

ደግሞ ክርህ እንዳይጠመዘዝ ተጠንቀቅ። ስፒነር ቀኑን ሙሉ ሲዞር ክሩን እንደ ሹሩባ ያጠነጥነዋል። ከሉሩ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብለህ ትንሽ ስዊቨል (የሚዞር ማያያዣ) እሰር። የተጠመዘዘ ካለህ ደግሞ ሉሩን ፍታና ባዶውን ክር ለወራጁ ልቀቀው። 30 ሜትር ያህል ይሂድ። ትንሽ አቆይተህ ጠቅልለው። ራሱ ይፈታል።

ጋንፓውደር_ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ደጋው_ሰው ያለው ልክ ነው፣ ግን ቀለምን እንዲህ በዝምታ ማለፍ የለብንም። እኔ የማጠምደው ሜሪላንድ ውስጥ ጋንፓውደር ፎልስ ላይ ነው፣ ከፕሪቲቦይ ግድብ በታች። ውሃው ከግድቡ ሥር ስለሚወጣ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። ቡናማ ትራውት ራሱ ይራባበታል፣ ማንም አይጨምረውም። ዓሣዎቹ በየቀኑ ሉር ያያሉ። ቀለም ላይ ካልተጠነቀቅክ ይከተሉሃል እንጂ አይነክሱም።

የኔ ልምድ ይህን ይመስላል። ፀሐይ ሲሆን ብርማ። ደመና ሲሆን ወይም ማለዳ ወርቃማ ወይም ነሐስ። ውሃው ከዝናብ በኋላ ሲደፈርስ ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ። ጥቁር ደግሞ ሲመሽ። ጥቁር የሚገርም ነገር ነው። ዓሣው ከታች ወደ ላይ ሲያይ ሰማዩ ላይ ጥላዋ ጎልቶ ይታየዋል።

ናዝሬት_ልጅ፣ ሮዟን ለክረምት አስቀምጣት።

ደጋው_ሰው

@ጋንፓውደር_ሜሪላንድ አክብሬህ ነው የምከራከርህ። እኔ ቅደም ተከተሉ ላይ ነኝ። መጀመሪያ ጥልቀት፣ ቀጥሎ ፍጥነት፣ ቀጥሎ መጠን፣ ቀለም መጨረሻ። ዓሣው ታች ወለል ላይ ተኝቶ ሉርህ ከአናቱ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ካለፈ ወርቅም ብትሆን አልማዝም ብትሆን አይነሳልህም። ያንተ ዓሣዎች የሚከተሉህ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን አስቀድመህ ስላስተካከልክ ነው። እዚያ ከደረስክ በኋላ ቀለም ይለያል፣ እስማማለሁ። ልጁ ግን ገና እዚያ አልደረሰም።

ጋንፓውደር_ሜሪላንድ

ይህንን እቀበላለሁ። የሚከተል ዓሣ ሳይ ነው ቀለም የምቀይረው። ካልተከተለኝ ጥልቀት እቀይራለሁ። እንዲህ ብዬ ብጽፈው ይሻል ነበር።

አዛውንቱ_ከሮቤ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ አሰኘኝ። አሁን የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ እድሜዬም ገፍቷል። ትራውት መጀመሪያ ያጠመድኩት ግን አሜሪካ አይደለም። ባሌ፣ ዲንሾ ላይ ነው፣ ዌብና ዳንካ ወንዝ ላይ።

ብዙ ሰው አያውቀውም። ትራውት ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቆ እዚያው ተራብቷል። ቡናማውም አለ፣ ቀስተ ደመናማውም አለ። አገሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ውሃው እጅ ያደነዝዛል። እኔ ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ የውጭ አገር ሰው ሁለት ስፒነር ሰጥቶኝ ሄደ። አንዷ ድንጋይ ሥር ገብታ ቀረች። ሁለተኛዋን አራት ዓመት ተጠቀምኩባት። ቅጠሏ ሲዝግ በአመድና በሎሚ እወለውላት ነበር።

ዌብ ዳር ላይ ሣር እንጂ ዛፍ የለም። ቆመህ ከሄድክ ከሩቅ ያይሃል። እኔ ጋቢዬን ጥዬ በጉልበቴ እየተንፏቀቅኩ ነበር የምቀርበው። ጥላዬ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይዋን ፊት ለፊቴ አደርጋለሁ። ሰው ሉር ሉር ይላል፣ እኔ በዚያች በአንዲት ስፒነር ቤተሰብ አብልቻለሁ። ናዝሬት_ልጅ "ጠጋ ስል ብን ይላሉ" ብሏል። ልጄ፣ ሉሩ ውሃ ሳይነካ ነው ጨዋታው ያለቀው። ቀስ በል። ነጭ ቲሸርት አትልበስ። ድንጋይ ረግጠህ አታንኳኳ፣ በእግርህ የምታሰማው በውሃው ይደርሰዋል።

አሁን ወደ ባሌ የሚሄድ ካለ፣ ወንዞቹ በፓርኩ ክልል ስለሆኑ አስቀድሞ ዲንሾ የሚገኘውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ናዝሬት_ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ነጭ ቲሸርት ነበር የለበስኩት። ባሌ ትራውት እንዳለ ዛሬ ነው የሰማሁት።

ሰብለ_ሲያትል

ጋሼ፣ ያቺን ስፒነር አሁንም ይዘዋታል? ታሪኳ ልቤን ነካው።

እኔ የሐይቅ ሰው ነኝ። ሲያትል ውስጥ ግሪን ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ፣ ቀስተ ደመናማ ትራውት ይጨመርበታል። ከሥራ በኋላ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ሐይቅ ላይ ወራጅ ስለሌለ የደጋው_ሰው ዘዴ አይሠራም። እዚህ ማንኪያ ነው። ካስትማስተር የሚባለው ማንኪያ፣ 7 ግራሙ፣ ትንሽ ነፋስ ቢኖርም ሩቅ ይሄዳል። ከዳር ቆሞ ለሚያጠምድ ርቀት ትልቅ ነገር ነው።

ምስጢሩ መቁጠር ነው። ወርውሩና ሉሩ ውሃ ሲነካ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ቁጠሩ። መጀመሪያ አምስት ላይ መጠቅለል ጀምሩ። ካልነከሰ በሚቀጥለው አሥር ላይ። ከዚያ አሥራ አምስት። ሣር ይዞ ከመጣ ወለል ነክቷል፣ ሁለት ቀንሱ። የነከሰበትን ቁጥር አትርሱ። ዓሣዎቹ አንድ ጥልቀት ላይ ተሰብስበው ስለሚውሉ ያው ቁጥር ሲደጋገም ታያላችሁ። ልጄ የምትቆጥረው በአማርኛ ነው። ቁጥር የለመደችው እዚያ ሐይቅ ዳር ነው።

ስትጠቀልሉ ደግሞ እንደ ማሽን አንድ ዓይነት አታድርጉት። ሦስት ዙር፣ ትንሽ ቆም። ቆም ስትሉ ማንኪያዋ እየተንቀጠቀጠች ትወርዳለች። ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው ያኔ ነው። ክሩ ሲላላ ዓይናችሁን ከክሩ አታንሱ። ዘለል ካለች ወይም ወደ ጎን ከሄደች ሳቡ።

ጋንፓውደር_ሜሪላንድ

ሰብለ ያለችው "ቆም ሲል ይነክሳል" የሚለው ነገር ራፓላን አስታወሰኝ። ላውሪ ራፓላ ፊንላንዳዊ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ነው የመጀመሪያዋን ሉሩን ከቡሽ የጠረበው፣ በጫማ ሰፊ ቢላዋ። በቸኮሌት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ሸፈናት፣ ከላይ የቀለጠ የፎቶ ፊልም ቀባት። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ትልቅ ዓሣ በትንንሾቹ መካከል ሲገባ ጤነኞቹን ትቶ እያነከሰ የሚዋኘውን መርጦ ነው የሚይዘው። እሱም ያንን እያነከሱ መዋኘት ሉሩ ላይ አመጣው።

እኔ ማንኛውንም ሉር ስጎትት ይህን አስባለሁ። የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ይሮጣል፣ ይደክመዋል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሮጣል።

ቴዲ_ፖርትላንድ

ሕጉን ሳትረሱ። ኮሎራዶ እኖር ሳለሁ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። "ፍላይ (ዝንብ መሰል ማጥመጃ) እና ሉር ብቻ" የሚል ምልክት ያለበት ውሃ ላይ ሽታ የተቀባ የላስቲክ ትል አስሬ ሳጠምድ ተቆጣጣሪ መጣ። ላስቲክ ስለሆነ ሉር ነው ብዬ ነበር። ሳጥኔን አየ፣ ሕጉን አሳየኝ። በኮሎራዶ ሕግ ሽታ ያለው ነገር ሉር አይባልም። ሽታው ፋብሪካ ውስጥ የገባ ይሁን አንተ የቀባኸው ልዩነት የለውም። በማስጠንቀቂያ ለቀቀኝ። ሰውዬው ትሑት ነበር፣ አመስግኜው ነው የተለያየነው።

ስለዚህ ናዝሬት_ልጅ፣ የላስቲክ ትሎችህን ማሸጊያ አንብብ። ሽታ አላቸው ከተባለ ለይተህ አስቀምጣቸው። ሳውዝ ፕላት ከሚባለው ወንዝ ብዙ የሚወደደው ክፍል፣ ቺዝማን ካንየንን ጨምሮ፣ ፍላይና ሉር ብቻ ነው። ቺዝማን ላይ ደግሞ የያዝከውን ሁሉ መልሰህ ትለቃለህ። 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ደጋው_ሰው

ቴዲ ጥሩ አነሳህ። እግረ መንገዴን ስለ መንጠቆ ልጨምር። ስፒነር ስትገዛ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ይዞ ይመጣል። እኔ ቤት ስደርስ በፒንሳ ቆርጬ ባለ አንድ ጫፍ አደርገዋለሁ። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የምትወጋዋን ትንሽ እሾህም በፒንሳ እጫናታለሁ። ዓሣ ያመልጥሃል ይሉሃል። ክሩን ካላላላህ አያመልጥም። ትንንሾቹን ሦስቱ ጫፍ አፋቸውን ይዘጋቸዋል፣ ዓይናቸውንም ይወጋል። ያ ዓሣ ብትለቀውም ላይተርፍ ይችላል።

የምትለቀው ከሆነ እጅህን አስቀድመህ አርጥብ። ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ልጋግ ይልጠዋል። ውሃ ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን አውጣለት።

ኦገስት ላይ ደግሞ ቴርሞሜትር ያዝ። ውሃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 68 ፋራናይት ሲደርስ እኔ ዘንጌን እሰበስባለሁ። በሞቀ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል። ታግሎ የደከመ ትራውት አይነሳም። በማለዳ ሂድና አራት ሰዓት ሳይሞላ ተመለስ፣ በኛ አቆጣጠር።

አዛውንቱ_ከሮቤ

@ሰብለ_ሲያትል ልጄ፣ ስፒነሯ ሮቤ ቀርታለች። ለተማሪዬ ሰጥቻት ነው የወጣሁት።

ናዝሬት_ልጅ

ሰላም በድጋሚ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት፣ ይቅርታ።

ሁሉንም አደረግኩ። 4 ፓውንድ ክር ጠቀለልኩ፣ አረንጓዴ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ሁለት ሉር ብቻ ያዝኩ። ከቤት 10 ሰዓት ከሌሊቱ ወጣሁ። መጀመሪያ እግሬ ሥር ስፒነሯን ጎትቼ ያ ትር ትር የሚለውን ስሜት ፈለግኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ ከታች ጀመርኩ።

አራተኛው ድንጋይ ላይ ነው። መኪና የሚያህል ድንጋይ፣ ከጀርባው ጥቁር ዝግ ያለ ውሃ። ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ። ከበላዩ አሳልፌ ጣልኩና ወዲያው ጠቀለልኩ። ትር ትር ትር። ድንጋዩን ስታልፍ ስሜቱ ድንገት ቆመ። ቅጠል የያዘች መሰለኝ። ዘንጉን ቀና ሳደርግ ዘንጉ ተቆለመመ። ወርቃማ ነገር ውሃው ውስጥ ተገለበጠ።

ቡናማ ትራውት ነበር። ርዝመቱ ከመዳፌ ትንሽ ይበልጣል። ቀይ ነጠብጣቦቹ ዙሪያቸውን ሰማያዊ ቀለበት አላቸው። እንዲህ ያማረ ዓሣ አይቼ አላውቅም። እጄን አርጥቤ ለቀቅኩት። አንድ አፍታ እግሬ አጠገብ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ አራት ያዝኩ። ሦስቱን ለቀቅኩ። አንዱን ወደ ቤት ወስጄ ባለቤቴ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ጠበሰችው። አጎቴን ደውዬ ነገርኩት። "ከቆሮሶ ይጣፍጣል?" ነው ያለኝ።

ሰብለ_ሲያትል

እንኳን ደስ ያለህ! እየጮህኩ ነው ያነበብኩት። ልጄ "ምን ሆነሻል?" አለችኝ።

ጋንፓውደር_ሜሪላንድ

ደስ ይላል። ቀለሟ ምን ነበር?

ናዝሬት_ልጅ

ወርቃማ። ደመና ነበር።

ጋንፓውደር_ሜሪላንድ

ጎሽ።

አዛውንቱ_ከሮቤ

ልጄ፣ እሰይ። የወሰድከውን ስታጸዳ ሆዱን ከፍተህ አየህ? እኔ ሁልጊዜ አይ ነበር። ዓሣው የሚበላውን ራሱ ይነግርሃል።

ናዝሬት_ልጅ

አይቻለሁ ጋሼ። ከአሸዋና ከጠጠር የተሠራ ትንሽ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ትሎች ነበሩ፣ ከነቤታቸው ውጧቸዋል። ስድስት ያህል። ሁለት ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖችም ነበሩ። ትንሽ ዓሣ ግን አላየሁም።

አዛውንቱ_ከሮቤ

እንግዲያው የሚበላው ጥቃቅን ነገር ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወርቃማዋ ጎን ትንሿን፣ ቁጥር 0 ጥቁሯን ያዝ። ወለሉን ተጠግታ ትለፍ።

ደጋው_ሰው

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ናዝሬት_ልጅ፣ ቅዳሜ እኔም እወርዳለሁ። ጥቁር ከሌለህ ሁለት አለኝ፣ አንዷን እሰጥሃለሁ። 11 ሰዓት ከሌሊቱ አይዳሆ ስፕሪንግስ መግቢያ ላይ ጠብቀኝ።